በእናት በኩል

ጋሼ ገረመው አምስተኛውን ጣታቸውን ሲያጥፉ እጃቸው ጭብጥ ሆነ። ፓይንሪጅ በሚባለው የውጭ አገር ሰፈር፣ በኢየሩስ ቤተሰቦች ሳሎን ውስጥ፣ ሊጋቡ ያሰቡትን የፍስሐንና የኢየሩስን ዘር እስከ ሰባት ቤት እየቆጠሩ ነበር። በአባት በኩል ምንም አልተገኘም፤ በፍስሐ እናት በኩል ግን አምስተኛው ቤት ላይ ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ደረሱ። "ዘመድ ናቸው። ጋብቻው አይሆንም" አሉ፤ እጃቸውን ግን አልፈቱትም።

የፍስሐ እናት ውብነሽ ዓይኗን ከዚያ ጭብጥ ላይ መንቀል አቃታት። ከክሊኒንግ ሺፍቷ በቀጥታ ስለመጣች ዩኒፎርሟን እንኳ አላወለቀችም። ፍስሐ እሷ በገዛችለት፣ ቀለሙ በለቀቀው በፈረንጆቹ የሰማንያ ስምንቱ ኦሎምፒክ ጃኬት ውስጥ አንገቱን ደፍቷል። ኢየሩስ ድምጿን ውጣ ታለቅሳለች። ውብነሽ ሃያ ዓመት ሙሉ ከአፏ ያላወጣችውን ነገር ያኔ አወጣችው።

"በእኔ አይቁጠሩት ጋሼ። እኔ አልወለድኩትም። እናቱ ሱዳን፣ ካምፕ ውስጥ እጄ ላይ ያረፈች የወለጋ ሴት ናት። የኢሚግሬሽን ፎርሙ ላይ ልጄ ነው ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ።"

ጋሼ ገረመው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ዘረጉ፤ ኢየሩስ እንባዋን ጠረገች፤ እናቷም እልል ልትል ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ፍስሐ ግን ኢየሩስን ሳያይ ሄዶ ሽማግሌው ፊት ተንበረከከ። የተዘረጋውን እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘና ጣቶቻቸውን መልሶ አንድ በአንድ አጠፋቸው።

"ሶሪ ጋሼ" አለ፣ በዓይኑ ወደ ውብነሽ እያመለከተ። "በእሷ ይቁጠሩኝ።"