የስድስት ሳምንት ዳቦ

የላብራቶሪ ባለሙያው ጥያቄውን ያመጣው ላስቲኩን የልብስ ሰፊዋ ክንድ ላይ ካጠበቀ በኋላ ነው።

«እህቴ፣ ዳቦ ትበያለሽ አይደል?»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ሳትከፍት እትዬ የምትላት ታላቅ እህቷ ከኋላዋ ቀደመቻት። «ትበላለች እንጂ! ጋጋሪዋ እኔው ነኝ። የኔን ዳቦ ያልበላች የማንን ልትበላ?»

ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸች። ልብስ ሰፊዋ የስንዴ ዳቦ ካቆመች ድፍን ሁለት ዓመቷ ነው። ሆዷ እየተነፋ፣ የበላችው አልረጋ እያላት ወር ከወር ስትማቅቅ ከረመችና፣ ማንም ሐኪም ሳያዛት ስንዴን ተወች። በሦስተኛው ሳምንት እንደ ሰው መተኛት ጀመረች። ይህን ከእትዬ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ስንቴ አንስታታለች።

ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ለራሷ ብላ አይደለም። እሷማ ድናለች። የጨነቃት የእትዬ ነገር ነው። እትዬ ከዓመት ወዲህ እያለቀች ነው፤ ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ትቆማለች፣ ደምሽ አንሷል ተብሎ የተሰጣት ኪኒን ጠብ አላለላትም። የስንዴው ሕመም ደም ያሳንሳል፣ በዘርም ይሄዳል፣ ተመርመሪ ስትባል ደግሞ «ጋጋሪን ዳቦ አይስማማሽም ከማለት ሞቷን መንገር ይሻላል» ብላ ትስቃለች። ባለፈው ሳምንት ግን ጭቅጭቁ ሲበዛባት ተሸነፈች። «እሺ፣ መጀመሪያ አንቺ ተመርመሪ። የአንድ እናት ልጆች አይደለን? ካንቺ ከተገኘ እኔም እመረመራለሁ። ካልተገኘ ግን ይሄ ወሬ ሁለተኛ እንዳይነሳብኝ» አለች። ተስማሙ።

«ጥሩ» አለ ባለሙያው፣ የመርፌውን ማሸጊያ እየቀደደ። «አንዳንዱ ስንዴ አቁሞ ይመጣና በከንቱ ያደክመናል። ስንዴ ካልበላ ምርመራው በሽታው እያለበትም የለብህም ነው የሚለው።»

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ዞራ እህቷን አየቻት። እትዬ ጣሪያው ላይ አፍጥጣለች።

የምርመራ ማዘዣውን ወረቀት ከሐኪሙ ተቀብላ ያመጣችላት እትዬ ናት። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን የደንበኛ ቀሚስ አጣድፏት ነበር። ለካ እትዬ ሐኪሙ ያላትን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች! ዛሬ ደሙ ይቀዳል፣ «የለም» ይባላል፣ እትዬም ቃሏን ጠብቃ ወደ ምድጃዋ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ ስንት ወር እንደምትቆም እግዜር ይወቅ። ልብስ ሰፊዋ ተናደደች፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ፍርሃቱ ባሰባት። መርፌው ቆዳዋን ሊነካ ሲል ክንዷን ሳበች።

«አልበላም። ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

ባለሙያው ሁለቱንም እያፈራረቀ አየና ላስቲኩን ፈታ። «ጨዋታ ነው እንዴ?» ቆይቶ ድምፁን አለዘበ። «እንግዲህ ምርጫው ያንቺ ነው። ከሐኪምሽ ተማክረሽ፣ በየቀኑ ሁለት ቁራጭ ዳቦ እየበላሽ ስድስት ሳምንት ቆይተሽ ትመጫለሽ። አይ፣ እንዲሁ ደህና ነኝ ካልሽም ማንም አያስገድድሽም።»

«ሰማሽ አይደል?» እትዬ ቦርሳዋን አነሳች። «ደህና ነሽ። ተነሺ እንሂድ።»

ልብስ ሰፊዋ አልተነሳችም። ስድስት ሳምንት። ምን እንደሚመስል አሳምራ ታውቀዋለች፤ ሌሊቱን ታውቀዋለች፣ መቀስ ይዞ መንቀጥቀጡን ታውቀዋለች። እውነቱን ለመናገር፣ ስታስበው እንባዋ መጣ።

«እበላለሁ» አለች።

«ምን?»

«ከዛሬ ጀምሮ እበላለሁ። ጠዋት ጠዋት አንቺው ታመጭልኛለሽ፣ እፊትሽ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። ስወድቅም ታነሺኛለሽ። ለምደሽው የለ?»

«አንቺ ልጅ፣ አበድሽ?»

ጋጋሪ ያለ ዳቦ ከቤቷ አትወጣም። ልብስ ሰፊዋ እጇን እህቷ ቦርሳ ውስጥ ሰድዳ በወረቀት የተጠቀለለውን አወጣች። ፈታችው፤ የንጋት ዳቦ ነው፣ ሽታው ክፍሉን ሞላው። አማራት። ክፋቱ ይሄ ነው፣ አሁንም ያምራታል። ቆርሳ ወደ አፏ ስታስጠጋ እትዬ እጇን ያዘቻት።

«ተይ። ተይ፣ እኔ ልሙትልሽ።»

«እሱን ነው እኮ የፈራሁት፣ እትዬ።»

ስንት ኩንታል ሊጥ ያሸ እጅ የእህቷን እጅ ጨምድዶ ይዟል። ባለሙያው የሚሠራ ለመምሰል ጠርሙሶቹን ደረደረ፣ መልሶ ደረደረ።

«ሠላሳ ዓመት ጋገርኩ» አለች እትዬ፣ ለማንም ያልሆነ በሚመስል ድምፅ። «ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ቁራሹን ከእህቷ ጣቶች ፈልቅቃ ወሰደችና ወደ ባለሙያው ዞረች።

«ስማኝ የኔ ልጅ። እኔ ዛሬ ጠዋት ሦስት ዳቦ በልቼ ነው የመጣሁት።»

«እናቴ፣ በእርስዎ ስም የተጻፈ የሐኪም ወረቀት...»

«ወረቀቱን አስጽፌ አመጣልሃለሁ። ሄጄ ሐሳቤን ሳልቀይር አሁኑኑ ቅዳ።»

ባለሙያው አንዴ በሩን፣ አንዴ ልብስ ሰፊዋን አየና ወንበሩን አመለከታት። ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ለቀቀችላት። እትዬ ተቀመጠች፣ የእጅጌዋን ቁልፍ ፈታች፣ እስከ ትከሻዋ ሰበሰበችው።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ክንድ ራቁቱን ካየች ዓመት አልፏታል። እትዬ በዚያ ሁሉ የምድጃ ሙቀት ረጅም እጅጌ የምትለብሰው ለምን እንደሆነ፣ የሰው ልክ መውሰድ ሥራዋ የሆነው እሷ፣ አንድም ቀን አልጠየቀቻትም።

ባለሙያው አጥንቱ የወጣውን ቀጭን ክንድ አየ። ያዘጋጀውን መርፌ መልሶ አስቀመጠና ከመሳቢያው የሕፃናቱን ቀጭን መርፌ አወጣ።