በሩ ላይ የተራገፈው ጭራሮ

ባሌ የወይን ጭራሮውን በሩ ላይ አራግፎብን ሄደ። ቤታችን ያለው በር አንድ ነው። የሚከፈተውም ወደ ውጭ ነው።

እገፋዋለሁ፤ ክንድ የምታሾልክ ክፍተት ይሰጠኛል፣ ቀጥ ይላል። ከወዲያ የሚታየኝ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። አምና ባሌና ጓደኞቹ በቅጥር ከሚሠሩበት የወይን ማሳ የገረዙት፣ እዚያው ዳር ሲደርቅ የከረመ። ባለማሳው "ብቻ አንሱልኝ" ስላላቸው የብርዱን ወራት ቤት የምናሞቀው በሱ ነው። "እያሰርክ አምጣው፣ ከጓሮ ደርድረው" ብዬው ነበር። ሳያስር በትራክተር ተጎታች አምጥቶ ዘረገፈው። ያልታሰረ የወይን ጭራሮ ደግሞ እርስ በርሱ ይቆላለፋል፤ አንዱን ስትስቢ ሁሉም ያድማል።

ስልክ አያነሳም። ትራክተር ላይ ሆኖ እንኳን ስልክ መብረቅም አይሰማ።

"እኔ ነኝ እዚያ አድርገው ያልኩት" አሉ አማቴ፣ ከብረት ምድጃው አጠገብ። የሚሠሩትን ሹራብ ይዘዋል። "በብርድ እየወጣሽ እንዳትንከራተቺ ብዬ።"

"ዛሬ ሥራ እንደምጀምር ያውቃሉ እኮ፣ እማማ።"

"ዛሬ ነው እንዴ?"

ማታ ቀሚሴን ስተኩስ አጠገቤ ነበሩ።

ስልኬ ጮኸ። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሥራውን ያስገኘችልኝ ጓደኛዬ ናት። "የት ቀረሽ አንቺ? ሰርቪሱ መታጠፊያው ጋ ቆሟል፣ ሾፌሩ ይነጫነጫል።"

"በሩ አልከፈት ብሎኝ ነው። ትንሽ ያዢልኝ።"

"በግ ነው እንዴ የምይዘው? ዛሬ ካልመጣሽ ማሽኑን ለሌላ ይሰጡታል። ስንት ሴት ፋብሪካው በር ላይ ተኮልኩሏል መሰለሽ!"

እጄን አሾልኬ አንዱን ዘንግ ጎተትኩ። ሰብሬ ምድጃው ውስጥ ከተትኩት። ሌላ። ሌላም። ምድጃው የሚችለውን ያህል ከትቼ የተረፈውን ወለሉ ላይ ከመርኩ። ክፍተቷ ግን ያው ናት፤ ያወጣሁበትን ቦታ ከላይ የሚንሸራተተው ይሞላዋል። የወይን ጭራሮ እሳቱ ቦግ ነው፣ ወዲያው አመድ። ሰው ካልተጎለተበት ቤቱ በረዶ ይሆናል። ካገባሁ ጀምሮ የተጎለትኩት እኔ ነኝ።

"ቤቱ እንዴት ሞቀ በይ!" አሉ። "እንዲህ እያልሽ ካነደድሽው እስከ ማታ በሩ ይከፈትልሻል።"

"ሞኝና ጭራሮ የያዘውን አይለቅም።"

"ማንን ነው?"

"ጭራሮውን።"

ሹራባቸው ላይ አጎነበሱ። "አንቺ ከሄድሽ ማን ያነድልኛል? እጄ እንደሁ አይታዘዘኝ።"

የሹራብ መርፌዎቹ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። እጃቸውን አየሁት። ማየቴን አዩ። መርፌዎቹ ቆሙ።

"ልጄ" አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ። "ብርዱንስ እችለዋለሁ። ሰው የሌለበት ቤት ነው የሚያስፈራኝ።"

ከመታጠፊያው ጥሩምባ ተሰማ። ረጅም ነው።

ጊዜ የለኝም። የከመርኩትን ጭራሮ አቅፌ ወንበራቸው ስር፣ እጃቸው የሚደርስበት ቦታ አስቀመጥኩ። ወፍራሙን ለብቻ፣ ቀጭኑን ለብቻ ማድረግ ነበረብኝ። ተውኩት።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

ጓዳ ገባሁ። ብርዱ እሳቸው ጋ እንዳይደርስ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ። ባሌ የጓዳውን መስኮት በፕላስቲክ ሸፍኖ ዙሪያውን በምስማር መቶታል። ከጥጉ ይዤ ቀደድኩት። መስኮቱን ስከፍት ብርዱ በጥፊ አለኝ።

"ኧረ ልጄ! ምንድነው የተቀደደው?" ይላሉ ከወዲያ።

ጥሩምባው ደገመ።

አዲሱን ጫማዬን አውልቄ በመስኮቱ ወደ ውጭ ወረወርኩት።