ጣት ሥር የሚመታው

አንጀቱ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። ሐኪሟ የውሻውን ሆድ ከፍታ ገና እጇን ሳትሰድ ሽታው ቀደማት፤ ከጠረጴዛው ማዶ የቆሙትን አባቷን ቀና ብላ ለማየት ድፍረት አጣች።

«ዞሯል፣ አይደል?» አሉ አባቷ።

«ከሥሩ ነው የዞረው፣ አባዬ። ሙሉ ዙር።»

አንጀቱን በሁለት እጇ አቅፋ ቀስ እያለች መለሰችው። ደም የሚያመላልሱት ሥሮች እንደተጨመቀ ልብስ ተጠማዘው ነበርና፣ ሲፈቱ ላላ ማለታቸው በጣቷ ታወቃት። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። ነርሷ ሞቅ ባለ የጨው ውሃ የተነከረ ጨርቅ አቀበለቻት፤ አንጀቱን ሸፈነችና ሰዓቱን አየች። አሥር ደቂቃ። ደሙ ከተመለሰ ቀለሙም ይመለሳል። ካልተመለሰ ግን ይህን ሁሉ አንጀት ቆርጠው ጥለውለት የሚኖር ውሻ የለም።

ይህን ለአባቷ የሚነግራቸው ሰው አያስፈልግም። አርባ ዓመት የእንስሳት ሐኪም ነበሩ፤ ክሊኒኩን የከፈቱትም፣ እሷን ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። ቢላዋውን ያስረከቧት ሞራ ዓይናቸውን ሲጋርደው ነው። ዛሬ ግን እንደማንኛውም ባለጉዳይ በሽተኛቸውን አቅፈው መጡ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እቤት ውስጥ ሲጣሩ «አቤት» የሚላቸው ይህ አለቃ ያሉት ውሻ ብቻ ነው፤ ያውም በጅራቱ።

ጠዋት ሆዱ ሲነፋ «ጋዝ ነው፣ ይለቀዋል» ብለው ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠብቀዋል። ሌላ ሰው እንዲህ አድርጎ ቢመጣ ኖሮ የስድብ ናዳ ያወርዱበት ነበር።

«ስንት ሆነ?»

«አራት ደቂቃ።»

«ይሄ ሰዓት ቆሟል እንዴ?»

«ኧረ ዶክተር፣ እኛንም አስጨነቁን፤ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አለች ነርሷ።

«ተቀምጬ ማንን አድኜ አውቃለሁ?»

አሥር ሲሞላ ጨርቁን ገለጠች። ጥቁር ነው። ቆንጠጥ አደረገችው፤ አልተንቀሳቀሰም። ዋናውን የደም ሥር በሁለት ጣቷ ይዛ ትንፋሿን ዋጠች። ምንም የለም።

«አባዬ፣ አልተመለሰም።»

«ቀለም ያታልላል። ጓንት ስጪኝ» አሉ ወደ ነርሷ ዞረው። እጃቸውን ታጥበው የጨረሱት ማንም ሳይጠይቃቸው ነው። ሥሩን ያዙት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ፊታቸው በራ።

«አለ! ይመታል! አንቺ ልጅ፣ ጣትሽ ደንዝዟል እንዴ? ነይ፣ እዚህ ጋ!»

ጣቷን ከጣታቸው አጠገብ አሳረፈች። ምንም። ወዲያ ወዲህ አለች። ምንም። የሳቸው ጣቶች ግን ጓንቱ እስኪወጠር ሥሩን ጨምድደው ይዘውታል። ያኔ ገባት። የፈራ ሰው አጥብቆ ሲይዝ ጣቱ ላይ የሚመታው የራሱ ደም ነው፤ ጀማሪ ተማሪ ሁሉ ይሳሳተዋል። እሷም አንዴ ተሳስታ እሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ስቀውባታል።

በቀጥታ ልትነግራቸው ትችላለች። ሆዱን ሰፍታ እስከ ማታ ተስፋ ልትሰጣቸውም ትችላለች። ግን አለቃ ከማደንዘዣው ሲነቃ የሚጠብቀውን ሥቃይ ታውቀዋለች።

«እስቲ ይቁጠሩልኝ» አለች።

«አንድ። ሁለት። ሦስት።» ደስታቸው ድምፃቸው ውስጥ ይሰማል። ከውሻው ልብ ጋር የተያያዘው ማሽን ደግሞ በራሱ ፍጥነት ይጮኻል፤ እሳቸው አንድ ሲሉ እሱ ሁለቴ። ነርሷ አንገቷን ደፋች።

«አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት።» ድምፃቸው ቀነሰ። ራሳቸውን ወደ ማሽኑ ዘንበል አደረጉ። «አሥራ ሦስት» አሉና ሌላ ቁጥር አልጨመሩም። ማሽኑ ብቻውን ቀጠለ።

«የኔ ነው» አሉ።

አባቷ ጣታቸውን ከሥሩ ላይ አንድ በአንድ አነሱ፣ ጓንቱን አወለቁ፣ ጠረጴዛውን በእጃቸው እየዳበሱ ወደ ውሻው ራስ ዞሩና ጆሮውን ማሻሸት ጀመሩ።

«አትቀስቅሺው» አሏት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።