የሸክላ ሠሪዋ እንግዶች

አያልነህ የአዲሱ የአገር መሪ ነገር ሲነሳ ሌላ ሰው ይሆናል። ሚስቱ ትርሲት «ክርስትና ያነሳህ አባትህ ነው እንዴ?» እያለች ትስቅበታለች። ትሳቅ እንጂ፤ እሱ ግድ የለውም።

ምን ያድርግ? ሩዙ ቢጫ ሆኗል። የፎገራ ሜዳ ከርብ ወንዝ ዳር እስከ ወረታ ጥግ ውሃ ሞልቶታል፤ የጠፋው ማዳበሪያው ነው። ማዳበሪያ እንዳይመጣ መንገዱ ተዘግቷል። መንገዱ እንዳይከፈት ሰዉ ይታኮሳል። የሚታኮሰው ደግሞ የገዛ ወንድሙን ነው።

አዲሱ መሪ በሬዲዮ ሲናገር አላባበለም። «ካዝናው ባዶ ነው። ነዳጅ የምንገዛበት የለንም። ጦሩም ሕዝቡም ደክሟል። ግን ጫካ ካለው ወንድሜ ጋር እታረቃለሁ፤ ማዳበሪያውንም አስጭኜ እኔው ራሴ ፎገራ እመጣለሁ» አለ። ያን ቀን አያልነህ ተደፍቶ መሬት ሳመ።

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ይነሳዋል። ባለፈው ክረምት አንድ ሹም ሊጎበኝ ሲመጣ ሐሙሲት አጠገብ ተተኮሰበትና ተመለሰ፤ ማዳበሪያ የጫኑት መኪኖችም አብረውት ተመለሱ። አያልነህ በሬዎቹን ሸጦ ልጆቹን አበላ። ዘንድሮ የሚሸጥ በሬ የለውም። በዚህ መሪ ላይ አንዲት ጥይት ከተተኮሰች የልጆቹ ነገር አለቀ።

እንግዲህ መሪው በሚመጣበት ዕለት ማለዳ ጎረቤቱ ቻላቸው እያለከለከ ደረሰ።

«ሰርክ ቤት ሰዎች አሉ!»

ሰርክ ከመንደሩ ጫፍ፣ ረግረጉ አጠገብ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ሸክላ ሠሪ ናት። ከአንበሳሜ በኩል መጣች ይባላል፤ ወላድ ትሁን መካን፣ ዘመድ ይኑራት አይኑራት የጠየቃት የለም። ማድጋዋን ይገዛሉ፣ ውሃዋን አይቀምሱም። ላም ስትሞት ዓይኗ ነው፤ ልጅ ሲታመምም ዓይኗ ነው። የሰው ነገር!

«ምን ዓይነት ሰዎች?» አለ አያልነህ።

«ሽጉጥ የታጠቁ ሁለት ጎረምሶች። መኪናቸውን ባሕር ዛፉ ውስጥ ሸሽገውታል። አንደኛው ከቅሏ ውሃ ሲጠጣ በዚህ ዓይኔ አየሁት! ‹እርስዎ› እያለ ነው የሚያናግራት።»

«ሰርክን? እርስዎ?»

«ሞቼ ልገኝ! ደግሞ መሪው የተሾመ ቀን አገሩ እልል ሲል እሷ ስታለቅስ ነበር አሉ።»

አያልነህ ልቡ ስንጥቅ አለ። «መሪውን ሊገድሉብን ነው» አለና ሽመሉን አነሳ።

ወሬው ከእግር ይፈጥናል። ሰርክ ደጅ ሲደርሱ ፋስ ያለው ፋስ፣ ገጀራ ያለው ገጀራ ይዞ መንደርተኛው ተከትሏቸዋል፤ ቻላቸው ክላሹን አቀባብሏል። ሰርክ ነጭ ቀሚስ ለብሳ የጎጆዋን መደብ በእበት ትለቀልቅ ነበር። ሰዉን ስታይ እጇን ሳትታጠብ ብድግ አለች።

«ማንን ነው የደበቅሽው?» አላት አያልነህ።

«አፈር ስሆን፣ ዛሬን ተዉኝ። እንግዳ አለብኝ።»

«ማነው እንግዳሽ?»

«እንዳትናገሪ ተብያለሁ። ትንሽ ቆዩ እንጂ ሁላችሁም ታዩታላችሁ።»

ታዩታላችሁ! ጉድ ፈላ። «ትዝትብናለች!» አለ ቻላቸው።

አንደኛው ጎረምሳ ከውስጥ ወጣ። አንድ እጁን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ወገቡ አድርጎ «ወደ ኋላ! ማንም እንዳይጠጋ ታዝዘናል!» ብሎ ጮኸ። ቻላቸው ተኮሰ። ጎረምሳው በጀርባው ማድጋዎቹ ላይ ወደቀ፤ ደሙ ከሸክላው ስባሪ ጋር በጭቃው ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛው ከበሩ ሥር ሁለቴ ተኮሰና ቻላቸውን ደረቱን አገኘው። ከዚያ ሰርክን ክንዷን ይዞ ወደ ውስጥ ጎተታትና ሳንቃውን ዘጋ።

ቻላቸው በአያልነህ ጭን ላይ ሞተ። አብረው ያረሱ፣ አብረው የተራቡ ሰዎች ነበሩ። አያልነህ ከዚያ ወዲያ ምንም አላሰበም። ሰርክ ሸክላዋን በእሳት የምትተኩስበት ገለባና ኩበት ከግድግዳው ሥር እስከ ክዳኑ ተቆልሏል፤ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ሸፍናዋለች። ላስቲኩን ገለጠና ክብሪት ጫረ።

ሳንቃው ሲከፈት ጎረምሳው እየተኮሰ ወጣ፤ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ በገጀራ ጣሉት። ሰርክ ተከትላው ልትወጣ ስትል አያልነህ በሽመሉ መልሶ ከተታት። ክዳኑ ተደረመሰ።

«ሳላየው!» እያለች ስትጮህ ተሰማ። «ሳላየው! ሳላየው!» በኋላ እሱም ቀረ።

አያልነህ ፊቱን አማተበ። አዘነ ቢሉ ውሸት ነው። ለቻላቸው አለቀሰ፤ ለመሪው ግን «ተረፍህልኝ» አለ።

ከቀትር በኋላ መኪኖቹ መጡ። ሐሙሲትን ሲያልፉ ጥይት አልተተኮሰም። ከኋላቸው ማዳበሪያ የጫኑ ከባድ መኪኖች ተሰልፈዋል። ወረታ ለመሪው በተሠራው መድረክ ዙሪያ ሰዉ አበደ፤ አያልነህም እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ልጆቹ ሊበሉ ነው።

መሪው ግን መድረኩ ጋ አልቆመም። መኪኖቹ ከአስፋልቱ ወጡና በረግረጉ መንገድ ታጠፉ።

«ሰምቷል!» አለ አያልነህ። «ያደረግንለትን ሰምቶ ሊያመሰግነን ነው!» የጠቆረ እጁን በሱሪው እየጠረገ ከመኪኖቹ ኋላ ሮጠ።

ሲደርስ መሪው ከመኪናው ወርዶ ነበር፤ ጠባቂዎቹ ሊይዙት ሲታገሉ አንዱን ገፍትሮ ጥሎ ወደሚጨሰው ጎጆ በጭቃው ውስጥ ሮጠ።

«እምዬ!»