ኤሌኒ «ሶሪ» ስትል

«ምንድነው የምትለው? ቶሎ ተርጉምልኝ!»

ሚስተር ሞሪ በስልክ ይጮኻል...

ከጀርባው የአንዲት ሴት ለቅሶ ይሰማል። «አይ አም ሶሪ... አይ አም ቬሪ ሶሪ...»

ዘይድ ወደብ ላይ በሥራ ተወጥሯል። አንድ ጆሮው ስልኩ ላይ፣ ሌላው ክሬኑ ላይ ነው።

«ይቅርታ አድርግልኝ እያለች ነው» አለ በጃፓንኛ።

ስልኩ ተዘጋ። እሱም ረሳው...

ይህ የሆነው ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ በ2006 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። ያ አሸዋ የተሸከመ ትኩስ ነፋስ ሰውን ቤቱ ውስጥ እንኳ የማያስቀምጥበት ወር።

ዘይድ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ጃፓን ተምሮ መጥቶ ለአንድ የጃፓን የኮንስትራክሽን ድርጅት ያስተረጉማል።

ሚስተር ሞሪ ደግሞ የድርጅቱ መሐንዲስ። እንግሊዝኛው ከሰላምታ አያልፍም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ዘይድ ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር ወዳለው የሚስቱ ሱቅ ጎራ አለ። ባለቤቱ ውዳድ ገና ሳይቀመጥ ጀመረችው።

«ሰማህ? አንዲት ኤሌኒ የምትባል የአገራችን ልጅ ጉድ ሆናለች። ጃፓኑ ሞሪ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ... የሰውየውን እናት ገድለሻል ተብላ ከሰዓት ፖሊስ ሊወስዳት ነው አሉ።»

«እናቱ ሞቱ እንዴ?! ገደለች ያለው ማነው?»

«እሷው ናታ! ይቅርታ አድርግልኝ ብላ በአፏ አምናለች።»

ዘይድ ክው አለ...

እሷ አይደለችም ያመነችው። እሱ ነው ያሳመናት!

እንግሊዝኛው «ሶሪ» ጥፋተኛም የሚለው፣ ለቅሶ የደረሰም የሚለው ቃል ነው። በጃፓንኛ ግን ሁለቱ ለየብቻ ናቸው፤ ልክ እንደኛ «ይቅርታ» እና «እግዜር ያጥናህ»።

እሱ ደግሞ ሳይጠይቅ አንዱን አንስቶ ወረወረ።

ወደ ሞሪ ቤት በሚወስደው ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አቃተው። መስኮቱን ይከፍታል፣ ይዘጋል... ሹፌሩን «ፍጠን እንጂ!» ይላል፣ መንገዱ ተዘግቶ እያየ።

ተሳሳትኩ ብል ሥራዬስ? አስተርጓሚ በአንድ ቃል ሰው ካሳሰረ ማን ያምነዋል?

ዝም ብልስ... ማን ያውቃል?

ሲደርስ ሚስተር ሞሪ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ዓይኑ ቀልቷል። የኤሌኒን ፓስፖርት ጨብጧል።

ኤሌኒ የሠራተኛ ክፍሏ ደጃፍ ላይ ኩርምት ብላለች።

«እህቴ፣ አማርኛ ትችያለሽ አይደል?»

ቀና አለች። «ወይኔ... የአገሬ ልጅ ነህ?»

«ትናንት ሶሪ፣ ሶሪ ስትይ ነበር። ምን አጥፍተሽ ነው?»

«እኔ? ምን አጠፋሁ?» ግራ ገባት። «እናቱ ሞተውበት ዝም ልበለው? እግዜር ያጥናህ በእንግሊዝኛ ሌላ ምን ይባላል ወንድሜ?»

ዘይድ ዓይኗን ማየት አልቻለም...

ሁሉንም ነገረችው። አሮጊቷ ልጃቸው ጋ ሊቆዩ ከጃፓን ከመጡ ወራት ሆኗቸዋል። ቋንቋ አይግባቡም፤ ግን ሽንኩርት አብረው ሲልጡ፣ ልብስ አብረው ሲያጥፉ ይውላሉ። በምልክት ያወራሉ፣ ይስቃሉ።

ትናንት ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። ልጃቸው ጋ ደወለች፤ ዘጋባት። ደግማ ደወለች፤ ዘጋባት። መንገድ ላይ ወጥታ መኪና አስቁማ፣ ተሸክማ ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው። አልተረፉም።

ዘይድ ወደ ሚስተር ሞሪ ሊዞር አለና ቆመ። በጃፓንኛ ለሐዘን የሚባል ደንበኛ ቃል አለ። ግን ደረቅ ነው... ሩቅ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ብሎት የሚሄደው ዓይነት።

«ኤሌኒ፣ ሶሪን ተይውና... አሁን ውስጥሽ ምን ይላል?»

«ምን ይላል...» እንባዋ መጣ። «ቤቱ ጭር አለብኝ።»

ዘይድ ጎንበስ አለ።

«ሚስተር ሞሪ፣ ትናንት የተረጎምኩት ስህተት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከሥራም ቢያባርሩኝ አልፈርድብዎትም። ይቅርታ አልጠየቀችም። ያለችው...»

ከዚያ ጃፓኖች የሚወዱት ሰው ሲለያቸው የሚሉትን አለ።

«ሳቢሺኩ ናሪማሺታ።»

«ጭር አለብኝ» እንደማለት ነው...

ፓስፖርቱ ከሰውየው እጅ ወደቀ።

ዘይድ ስድብ ጠበቀ። ሚስተር ሞሪ ግን መሬቱ ላይ ቁጭ አለ።

«አንተ አይደለህም ጥፋተኛው» አለ። «ሐኪሙ ልቧ ነው ብሎኛል። ማንም እንዳልገደላት አውቅ ነበር...»

«ታዲያ ለምን?!»

«ትናንት ጠዋት እናቴ ደረቴን ያመኛል አለችኝ። ነገ ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ ብያት ወጣሁ። ይቺ ልጅ ስትደውል ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ዘጋሁት። አንተ ይቅርታ እየጠየቀች ነው ስትለኝ... እፎይ አልኩ። ጥፋተኛው ሌላ ሰው ሆነልኝ ብዬ።»

እዚያው ዘይድን ፖሊስ ጋ አስደውሎ ክሱን አስቀረ። ፓስፖርቱን አንስቶ በሁለት እጁ ሰጣት። ጎንበስ እንዳለ ቆየ።

«ሥራሽ ላይ ቆዪ» አላት በዘይድ በኩል።

«አልቆይም» አለች ኤሌኒ። «እንዲህ አስበህብኝ እዚህ ቤት አላድርም።»

ሻንጣዋን ይዛ ልትወጣ ስትል ጠራት።

«አንድ ነገር ብቻ... እናቴ ስለ እኔ ምን ትል ነበር?»

ኤሌኒ ትንሽ አሰበች።

«ቋንቋቸውን አላውቅም» አለች። «ግን አንተ ከሥራ የምትመለስበት ሰዓት ሲደርስ፣ እጃቸውን ታጥበው በሩን እያዩ ይቀመጡ ነበር።»

ይህን መተርጎም ዘይድን ብዙ ጊዜ ወሰደበት...

ወዳጆቼ፣ ሰው የተናገረውን ከመፍረዳችን በፊት «ምን ማለትህ ነው?» ብለን እንጠይቅ። አንዲት ጥያቄ ሰውን ከእስር ታድናለች።

ደግሞም የራሳችን ጥፋት ሲከብደን የሚሸከምልን ሰው አንፈልግ። በተለይ መልስ መስጠት የማይችለውን።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ «ነገ» ብላችሁ ያሳደራችሁት ነገር ምንድነው? ዛሬስ ልታደርጉት ትችላላችሁ?

ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ አነባለሁ።