ወደ ቀኝ ያጋደለ ሙዚቃ

“እስቲ አንዴ ስሚልኝ፣ እትዬ” አለና የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ለታላቅ እህቱ ሰጣት። ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው ፀጉር ስትሠራ ውላ እግሯ አብጦ ነበር የገባችው፤ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ከወንበሩ በስተቀኝ ያለው አልጋ ላይ ዘፍ አለች። እሱም ቢሆን ዓይኑ ደም መስሏል። ስንት ዓመት በየሠርጉ ከስፒከር ሥር ቆሞ የሰው ዘፈን ሲያጫውት ኖሮ፣ የራሴ የሚለውን የመጀመሪያ ሙዚቃ መጨረሱ ነበር።

ትንሽ እንደሰማች ፊቷ ተጨማደደ። የቀኙን ማዳመጫ ከጆሮዋ ነጠል አድርጋ ያዘችው። “ሲያምር! ግን ከበሮውን ምን ነካው? በቀኝ በኩል አደነቆረኝ እኮ። በግራ ደግሞ ሹክሹክታ ነው።”

“ኧረ ደክሞሽ ነው። ሁለቱም እኩል ነው፤ እሱን ሳስተካክል አይደል እንዴ የዋልኩት?”

ማዳመጫውን ተቀበላትና የቀኙን ለግራ፣ የግራውን ለቀኝ ገልብጦ አጠለቀው። ከበሮው በግራ ጆሮው ነጎደ። በቀኙ ምንም የለም። ድምፁን ጨመረ። ግራው እስኪያመው ድረስ ጨመረ፤ በቀኙ አሁንም ምንም የለም። ቀስ ብሎ አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

“ገመዱ ነው መሰለኝ” አለ።

እህቱ አልተከራከረችውም። እየተጎተተች ተነሣች፣ በጀርባው ዞረችና በግራው በኩል ተቀመጠች። “ነገ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን፣ እሺ የኔ ጌታ?” አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። ገበታ ላይም ከቆየ ጊዜ ጀምሮ በዚያ በኩል ነበር የምትቀመጠው፤ እሱ ግን ለጓዳው በር ስለሚቀርባት ይመስለው ነበር።