እስኪሞቅ ድረስ

ባለሱቋ ሶኬቱን ሰካች። የስፌት መኪናው ሞተር ምንም በደል እንደሌለበት ሁሉ ባንኮኒው ላይ ሳይንገራገጭ ዞረ።

«ይኸው!» አለች እጇን ወደ ሞተሩ ዘርግታ። «ዞረ አይደል? ታዲያ ምኑ ነው የተበላሸው?»

ሞተሩን ሊመልስ የመጣው ጠጋኝ አልተገረመም። እንደሚዞር ያውቅ ነበር። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እንደ ጨዋ ሰው ነው፤ አመሉን የሚያወጣው ሲሞቅ ነው።

«እትዬ፣ ሲግል ነው የሚቆመው። ውሸቴን ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«ባንኮኒ ላይ የዞረ ዕቃ አይመለስም። ደንቡን ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። መለዋወጫ የሚሸጥ ሁሉ የሚምልበት ደንብ ነው። የዚህ ሱቅ ባለቤት የነበሩት ሟቹ ባሏ ግን አንድ ነገር ጨምረውበት ነበር፤ ገዢ «ቆይቶ ነው የሚበላሸው» ካለ፣ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሞተሩን ማንም አይነካም። ከቆመ ሻጩ ይመልሳል፤ ካልቆመ ገዢው አፉን ይዞ ይሄዳል።

«ባለቤትዎ ቢኖሩ በርጩማ ይሰጡኝ ነበር» አላት።

ባሏን ሲያነሣባት ፊቷ ልውጥ አለ። በርጩማውን በእግሯ ገፋ አደረገችለት። «እንግዲያው ተቀመጥ።»

ተቀመጡ። ሞተሩ በመካከላቸው ይዞራል።

በሰፈሩ «ሐኪሙ» ይሉታል። የታመመ መኪና ሲመጣለት መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ጆሮውን አስደግፎ ያዳምጣልና። ይህን ሞተር የገጠመላት ልብስ ሰፊ ግን ሞተሩ መሃል ላይ ቆሞ የሙሽራ ቀሚስ እጅጌው ሳይጋጠም ቀርቶባት፣ «ሐኪም ብላችሁ ላካችሁኝ፣ ገዳይ ሆኖ አገኘሁት» እያለች በየደጁ ታወራለች። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቹ መኪናቸውን ሳይጠገን እየመጡ ይወስዱ ጀመር። ሞተሩ ተመላሽ ከሆነ ጥፋቱ የዕቃው እንጂ የእጁ አለመሆኑ ይታወቅለታል። ካልሆነ ያው ገዳይ ነው። ለስም ደግሞ መለዋወጫ አይሸጥም።

ባለሱቋ ቀስ ብላ እጇን ወደ መደርደሪያው ሰደደችና ትንሿን የጠረጴዛ ማራገቢያ ከፈተች። «ሙቀቱ አልተቻለም» አለች።

ጠጋኙ ነፋሱ የት እንደሚያርፍ አየ። «እትዬ፣ ለእርስዎ ነው ወይስ ለሞተሩ?»

ሴትየዋ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ሳቋ አመለጣት። አፍራ ማራገቢያውን አጠፋችው።

ጠጋኙ ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ከጀርባዋ ያለውን መደርደሪያ ያየው። ከላይ እስከ ታች ያው ሞተር፣ ያው ሰማያዊ ካርቶን ነው።

«ሁሉም አንድ ላይ የመጡ ናቸው?»

«አንድ ላይ። እሱ ከሞተ ወዲህ በራሴ ያመጣሁት የመጀመሪያ ዕቃ ነው። የነበረኝን ሁሉ አውጥቼበታለሁ።»

«ከማን ገዙት?»

«በመኪና እየዞረ የሚያከፋፍል ሰውዬ ነው። ዋጋው ረከሰልኝ። በሬ ሆይ ሆነብኝ መሰለኝ፣ ሳሩን አየሁና ገደሉን ሳላይ።» ቀሚሷን በጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «ስልኩ ላይ ብደውል አይሠራም። አንተስ ሲበላሽብህ እኔ ጋ መጣህ። እኔ ማን ጋ ልሂድ?»

መብቱን ሊጠይቅ ነው የመጣው፣ መብቱም እውነት ነው፤ ሆኖም አንጀቱን በላችው። ስሙን የገደለበትን ሞተር በልቡ «አይዞህ፣ ዙር» ማለት ጀመረ። ለራሱ እንኳ ገረመው።

ሞተሩ ይዞራል። ባለሱቋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው፤ ምናልባት እየጸለየች።

ከዚያ ጆሮው ያዘው። ከሞተሩ ድምፅ ሥር ቀጭን መፋቅ ገባ። ሌላ ሰው የሚሰማው አይደለም። ጠጋኙ ፊቱን ሊደብቅ ሞከረ፣ ግን እሷ ሞተሩን ትታ እሱን ስታይ ነው የቆየችው።

«ምን ይላል?»

ዓይኑን ወደ መደርደሪያው አሸሸ።

«ምን ይላል ሐኪሙ?»

ደህና ነው ቢላት፣ ነቅሎ ይዞት ቢወጣ፣ መንገድ ላይ ቢጥለው! ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ነገ ሌላው ጠጋኝ ከዚሁ ካርቶን ይገዛል፤ የሌላ ልብስ ሰፊም ቀሚስ እጅጌ አልባ ይቀራል። ደግሞም የሰማውን አልሰማሁም ብሎ አያውቅም።

«ደክሟል እትዬ» አላት። «ሊቆም ነው።»

የጠበቀችውን የሰማች ያህል ራሷን ነቀነቀች። የተቃጠለ ሽቦ ሽታ መጣ። ሞተሩ አንዴ ተንፈራገጠና ቆመ።

ሶኬቱን የነቀለችው እሷ ናት። ከመሳቢያው የከፈለውን አውጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት። «ለልብስ ሰፊዋም እኔው ሄጄ እነግራታለሁ። ጥፋቱ የዕቃዬ ነው።»

የፈለገውን ሁሉ አገኘ። ገንዘቡን ኪሱ ከተተ፣ ተነሣም፤ እግሩ ግን በሩን አላለፈም። ዞር ሲል ባለሱቋ ከመደርደሪያው ሌላ ሰማያዊ ካርቶን አውርዳ ማሸጊያውን በጥርሷ ስትቀድ አየ። አዲሱን ሞተር ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ሶኬቱን ሰካች። ወደ ሞተሩ አላየችም።

«ስማልኝ» አለችው።

ጠጋኙ ተመልሶ በርጩማውን አስጠጋና ጆሮውን አዘነበለ። ሞተሩ እንደ ጨዋ ሰው ሳይንገራገጭ ይዞር ነበር።